የመዝገብ ቤቱ አዲስ እጀታ

ለክቡራን ተገልጋዮቻችን በሙሉ! የመዝገብ ቤታችን በር ከረዥም ዘመን መጎሳቆል በኋላ አዲስ እጀታ የተገጠመለት መሆኑን በታላቅ ደስታ እናበስራለን። በምረቃው ላይ ኃላፊያችን አቶ ክብሩ እጀታውን ደጋግመው አዙረዋል፤ ተጨብጭቧል።

ሰይዳ ማስታወቂያውን እስከ ማኅተሙ አነበበችው። ስለ ቤቷ አንድም ቃል የለውም። ሲቀላ ሰፈር ያለው ሱቋና መኖሪያዋ መንገድ ሊሰፋበት ዓርብ ይፈርሳል። ካርታ ያለው ምትክ ቦታ ይሰጠዋል፤ የሌለው “ይቅናህ” ይባላል። እሷ ካርታ ነበራት። “ወደ ዲጂታል እንቀይርልሽ” ብለው ኦሪጅናሉን ተቀብለው ከማህደሯ ጋር አያያዙት። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ከሴቻ ሰፈር ወደዚህ ሲዛወር ማህደሩ የገባበት ጠፋ።

“ዛሬስ፣ ገነነ?” አለችው የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ።

“በሂደት ላይ ነው፣ እህቴ።”

“እስቲ ሂደቱን ጥራልኝ፣ ራሴ ላናግረው!”

በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ ጎረቤቷን ጋሽ አበጋዝን ይዛ መጣች። የጋሞ ሰው፣ የኦቾሎ ሸማኔ ናቸው። በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ፣ የተለመነው ሰው ልመናውን ሳይፈጽም አያልፈውም፤ ካለፈ እርግማኑ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ሽማግሌው “ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው” ከሚለው ሰሌዳ ሥር (መንቀል አልተከለከለም) አንድ ጭብጥ ነቀሉና በባለ አዲስ እጀታው በር ላይ ተንበረከኩ።

ገነነም የጋሞ፣ የገረሴ ልጅ ነው። ሣሩን ሲያይ ምሳ ዕቃው ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

“ጋሼ፣ በፈጠረዎት ይነሱ!”

“የልጅቷን ካርታ ስጣትና እነሳለሁ።”

“የለማ! ቢኖር እምቢ እላለሁ?”

“እንግዲህ እዚሁ ነን።”

ባለጉዳዩ ተሰበሰበ። አንዱ “እኔም ሣር ላምጣ እንዴ?” ሲል ሌላው “ያንተ ጉዳይ እንኳ ጫካ ነው የሚፈልገው” አለው። ገነነ ግን የምሩን መደርደሪያ ያገላብጥ ጀመር። ሰይዳ አቧራው ሲጨስ አይታ ተስፋ አደረገች። የሞቱ ሰዎች ማህደር ተገኘ። የፈረሱ ቤቶች ካርታ ተገኘ። የአቶ ክብሩ አሮጌ ጃንጥላ ሳይቀር ተገኘ። የሷ የለም።

መውጫ ሰዓት ሲደርስ ሣሩ ጠውልጓል፤ ሽማግሌው ግን በሩ ላይ እንደተንበረከኩ ናቸው።

“ይነሱ ጋሼ” አለች ሰይዳ። “ሣር ሰው ነው የሚይዘው፤ ማህደር አይዝም።”

“ሂጂ ዕቃሽን አውጪ፣ ልጄ። እኔ አልነሳም።”

ያኔ ከሕንፃው ጀርባ ዱብ! የሚል ድምፅ ተሰማ። አቶ ክብሩና ሰይዳ ሮጠው ሲደርሱ ገነነ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ሥር ካለው ፓፓያ ግርጌ ተነስቶ ሱሪውን ያራግፋል።

“አንተ! አዲስ እጀታ ተገጥሞልህ በመስኮት?”

ገነነ ሰይዳን አየ፤ ቶሎ ብሎም መሬት መሬቱን አየ።

“ምክንያትህን በጽሑፍ ታቀርባለህ!”

“አላቀርብም።”

“እሺ በቃል ተናገራ!”

“አልናገርም” አለና ሄደ።