ዓሣ ያገናኘው ትሪ

በድረዲን ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው አጎቱ አያ ዘይኑዲን ጠራውና «ሚዜህን ቀይር» አለው። አያ ዘይኑዲን ክፉ ነገር ሲናገር እንኳ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ስለዚህ ሊቆጡትም አይመችም።

«እሸቴን? ለምን?»

«ልጁን ጠልቼው መሰለህ? እዚሁ ግቢ አይደል ያደገው! ግን ሙሽራና ሚዜ የሚበሉት ከአንድ ትሪ ነው። አንተ እኛ ካረድነው ትበላለህ፣ እሱ የክርስቲያኑ ዳስ ሊገባ ነው። ሚዜው ሌላ ዳስ የገባበት ሙሽራ የት አገር አይተሃል?»

ነገሩ እውነት ነበር። ቆቦ ላይ እስላሙና ክርስቲያኑ ሐዘኑን፣ ደስታውን፣ የማሽላውን አጨዳ ሁሉ አብሮ ይወጣዋል። ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ወደየቢላዋው ነው። የበድረዲን እናት ሀሊሜና የእሸቴ እናት ብዙነሽ አንድ አጥር ተጋርተው ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። አንዷ ስትደግስ ለሌላዋ በጉን በቁሙ ትሰጣታለች እንጂ፣ አንድም ቀን ከአንድ ድስት ሥጋ ቀምሰው አያውቁም። በዚህ የሚቀየም ሰው አልነበረም። በድረዲን ግን ያለ እሸቴ ሠርጉ ሠርግ አይመስለውም።

ሁለቱ ጓደኛሞች የውሃ ጉድጓድ መካኒኮች ናቸው። አብዮቱ በፈነዳ በሦስተኛው ዓመት መሥሪያ ቤታቸው ስለ ፓምፕ ተምራችሁ ኑ ብሎ ዮኮሐማ ወደሚባል የጃፓን ወደብ ላካቸው። አንድ ዓመት ከረሙ። ስለ ፓምፕም ተማሩ፤ ይበልጥ የተማሩት ግን ስለ ሆዳቸው ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በሩዝና በእንቁላል ገፉ። ከዚያ አንድ እሑድ ቻይናዎቹ ሰፈር መንገድ ጠፍቷቸው ሲንከራተቱ፣ በድረዲን አንዲት ምግብ ቤት በር ላይ በዐረብኛ የተጻፈ «ቢስሚላህ» አየ። ነጭ ቆብ ያደረገ ቀጭን ቻይናዊ ብቅ ብሎ «አሰላሙ ዐለይኩም» ሲለው ዓይኑ እንባ ሞላ። ሰውዬው ሊጡን እንደ ገመድ እየጎተተ አቀጠነው፣ በበግ መረቅ ቀቀለው፤ በድረዲን ሦስት ጎድጓዳ ሳህን ጨረሰ። ከዚያ ወዲያ እሑድ በመጣ ቁጥር እዚያው ነበር። እሸቴም አብሮት ይሄዳል፣ ግን ጎመን ያዛል።

«ማን ያይሃል? ቆቦ ስንት ባሕር ማዶ ናት!» አለው በድረዲን።

«እማዬ መጠየቋ አይቀርም። ውሸት ደግሞ አልችልበትም።»

ጓደኛው አጠገቡ ተቀምጦ ጎመን ሲያላምጥ፣ ለበድረዲንም ያ የሚወደው በግ አልዋጥለት እያለ መጣ።

ወደ ወደቡ ግድም አንዲት ጃፓናዊት ባልቴት ስምንት ዱካ ብቻ ያላት ምግብ ቤት ነበረቻት። በሯ ላይ በመስታወት ገንዳ ዓሣ ይዋኛል፤ ትንሽ ፓምፕ ውሃው ውስጥ አየር ትነፋለች። መካኒኮቹ የቆሙት ለዓሣው ሳይሆን ለፓምፗ ነው። ባልቴቷ የራባቸው መስሏት እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ጥሬውን ዓሣ ስስ ስስ አድርጋ ቆርጣ ስታቀርብ በድረዲን አፉን በእጁ ያዘ። እሸቴ ግን ቀመስ አደረገና፣ «ይሄማ ሚጥሚጣ አነሰው እንጂ ቁርጥ ነው!» አለ። ለበድረዲን ተጠበሰለት። ያኔ ሁለቱም እኩል ነቁ፤ ዓሣ እኮ የማንም ቢላዋ አያስፈልገውም! እሸቴ በጣቱ እሾሁን ለቅሞ ጓደኛውን አጎረሰው። ባልቴቷ ሰው ሲጎራረስ አይታ አታውቅምና እስክታለቅስ ሳቀች። በሚቀጥለው እሑድ ራሷ አፏን ከፍታ ጠበቀቻቸው።

«ዓሣ ይሁንልን!» አለ በድረዲን አሁን ለአጎቱ።

አያ ዘይኑዲን ጢሙን አሻሸ። «የውሃውማ ሐላል ነው። ግን በዚህ ሐሩር ከሐይቅ ከተማ እስከ ቆቦ ይሸትታል እንጂ ይደርሳል?»

እሸቴ ይህን ሲሰማ «አብሽሩ፣ በሕይወቱ ነው የማመጣው» ብሎ አርብ ዕለት ከመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ጋር በመኪና ወደ ሐይቅ ሄደ።

ቅዳሜ ዳሱ ሞላ፣ ሙሽሪት ራህመት ገባች፣ ምሳ ደረሰ፤ እሸቴ ግን የለም። በድረዲን ዓይኑን ከአስፋልቱ መንቀል አቃተው። ወዲያው ውዱ የሚባለው የአጎቱ ልጅ የሚዜ ካባ አምጡልኝ ማለት ጀመረ። አያ ዘይኑዲንም በለሆሳስ «ልጄ፣ እንግዳ አይጠብቅም» አለው። በድረዲን ቅስሙ ተሰበረ። እሺ ሊል አፉን ሲከፍት የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

እሸቴ መኪናው ላይ በርሜል አቅፎ ተቀምጧል፤ ከእግር እስከ ራሱ ርሷል፣ በእጁ የብስክሌት መንፊያ ይዟል። ሌሊቱን በሙሉ በቀጭን ጎማ በርሜሉ ውስጥ አየር ሲነፋ ነው ያደረ።

«ጎብዬ ኬላ ላይ አስቁመውኝ ነው!» አለ እየዘለለ ወርዶ። «‹ጓድ፣ በርሜሉ ውስጥ ምን ደብቀሃል?› ብሎ ጥበቃው እጁን ሰደደ። ዓሣው በጅራቱ ሲለው ጠመንጃውን ጥሎ ሮጠ! ጠመንጃውን አንስቼ እስክመልስለት ነው የቆየሁት።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሀሊሜ ምንም ሥጋ ያልነካው አዲስ መጥበሻ አወጣች፤ ብዙነሽ አጥሩን ዞራ መጥታ ዘይቱን ያዘችላት። ከሁለቱም ዓሣ ጠብሳ የምታውቅ የለችም። አንዷ «ገልብጪው!» ስትል ሌላዋ «ቆይ፣ ይፈርሳል!» እያለች እንደ ምንም አደረሱት።

ትሪው ሙሽራውና ሚዜው ፊት ቀረበ። እሸቴ ካባውን ደርቦ፣ ዮኮሐማ እንዳደረገው እሾሁን ለቅሞ በድረዲንን አጎረሰው። ዳሱ በእልልታ ተናወጠ። በድረዲንም በተራው እሾህ ለቅሞ እሸቴን አጎረሰው።

ሀሊሜና ብዙነሽ ዳር ቆመው ያያሉ። ድንገት ሀሊሜ የጎረቤቷን እጅ ጨብጣ እየጎተተች መጣችና ትሪው አጠገብ ቁጭ አደረገቻት። በእርጋታ እሾህ ለቀመች፣ ጠቅለል አደረገች፣ አጎረሰቻት። ብዙነሽ አኘከች፣ አኘከች፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ።

«ሠላሳ ዓመት፣ ሀሊሜ!» አለች።

ሀሊሜ ቀና ሳትል የሁለተኛውን ጉርሻ እሾህ ትለቅም ነበር።