ከእናት በኩል

ብርቱ ከሃይፋ በባቡር መጥታ፣ ሀደራ ምዕራብ ወርዳ፣ አውቶቡስ ይዛ ሆስፒታሉ ስትደርስ በልጆች ክፍል ኮሪደር ላይ መጀመሪያ ያገኘቻቸው እናቷን ወይዘሮ ደጅቱን ነበር። አሮጊቷ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አጠገባቸው ባዶ ወንበር ነበር፤ አልተቀመጡበትም።

"ደግሞ ጣለው" አሉ። "አሁን፣ ዓይኔ እያየ። እጁ እንዲህ እንዲህ ሲል..."

የጣለው ጋልን ነው። ጋል የብርቱ ወንድም የአዝመራው አንድያ ልጅ ነው፤ ስድስት ዓመቱ። ቤተሰቡ እስራኤል በገባ በዓመቱ የተወለደ፣ በአማርኛ ሲያወሩት በዕብራይስጥ የሚመልስ ልጅ። ትምህርት ቤት ከገባ ጀምሮ ነቬ ሐይም ሰፈር ካለው ቤታቸው እስከ ክፍሉ ያለችውን አጭር መንገድ መሃል ላይ ቁጭ ብሎ ካላረፈ አይጨርሳትም ነበር። አያቱ "ስንፍና ነው፣ አሞላቀቃችሁት" ይሉ ነበር። በዚህ ሳምንት ትኩሳት ያዘው፤ የበላውን ሁሉ አስመለሰ፤ ከዚያም ምግብ የሚባል እንቢ አለ። ዛሬ ጠዋት እናቱ አማረች ልብስ ልታለብሰው ስታነሳው ዓይኑ ወደ ላይ ተገልብጦ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ብርቱ ክፍሉ ውስጥ ገባች። ልጁ እጁ ላይ መርፌ ተተክሎለት ተኝቷል፤ ከንፈሩ ደርቋል። አዝመራው የወረቀት ፋብሪካውን የሥራ ልብስ እንደለበሰ በአንድ በኩል ቆሟል። አማረች በሌላ በኩል የአልጋውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣለች።

የልጆች ነርቭ ሐኪሟ ዶክተር ዳፍና አጭር፣ ሽበት የጀመራት ሴት ናት። ብርቱ የነርስ ተማሪ መሆኗን ስትሰማ ፊቷ ፈታ አለ።

"ጎሽ፣ ትረጂኛለሽ ማለት ነው። ስሚኝ፣ ጊዜ የለኝም። ልጁ ደሙ ውስጥ ያለው አሲድ ከፍ ብሏል። እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት ብዙ ነው፤ እኔ የምፈራው አንዱን ነው። የሚጥለው እንዳይደጋገም አሁኑኑ መድኃኒት ልጀምርለት ይገባል። ሁለት ዓይነት አለኝ። የተለመደው ለአብዛኛው ልጅ ጥሩ ነው፤ የምፈራው በሽታ ካለበት ግን ጉበቱን ሊገድለው ይችላል። ሁለተኛው ትንፋሽ ያደክማል። እንዲህ ለደከመ ልጅ ያለ ምክንያት አልሰጠውም። ስለዚህ ጠይቂልኝ፦ በቤተሰቡ፣ በተለይ በእናትየው በኩል፣ በልጅነቱ የሚጥለው፣ ቶሎ የሚደክመው፣ እንዲህ ታሞ የሞተ ሰው አለ?"

ብርቱ ወደ አማርኛ መለሰችው። አማረች አፏን ሳትከፍት ወይዘሮ ደጅቱ ከበሩ ላይ ተቀበሉ።

"በዘራችን እንዲህ ያለ ነገር የለም በያት! እኛ እንዲሁ አልተጋባንም። ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው። ሽማግሌ ተልኮ ተጠይቋል፤ የሚጥል በሽታ አለ ወይ፣ ቁምጥና አለ ወይ ተብሏል። አባቷ በኦሪት ምሎልናል።"

"እትዬ አማረች?" አለች ብርቱ። "የጠየቀችው አንቺን ነው።"

አማረች አማቷን አየች። ከዚያ ወለሉን አየች።

"የለም" አለች።

ብርቱ "የለም ትላለች" ብላ ለሐኪሟ ነገረቻት። ስትናገር ግን የአማረች ጣቶች በብረቱ ላይ ነጭ እስኪሆኑ መጨበጣቸውን አይታለች። ነገሩ ከነከናት፤ ሆኖም ምን ብላ ትጠይቃለች? የለም ብላለች እናቲቱ።

ዳፍና ትንሽ አሰበችና ለነርሷ ራሷን ነቀነቀች። "የተለመደውን እንጀምር።"

ነርሷ መድኃኒቱን በመርፌ ስባ መጣች። በልጁ እጅ ላይ ወደተተከለው ቱቦ አጎነበሰች። ክዳኑን ፈታች።

"ሬጋ!"

ሁሉም ዞሩ። አማረች ናት። የነርሷን አንጓ ይዛለች። በምትሠራበት የብርቱካን ማሸጊያ ከሌሎች ሴቶች አፍ እየለቀመች በተማረችው ዕብራይስጥ፣ ብርቱን አልፋ፣ ፊት ለፊት ለሐኪሟ ተናገረች።

"ሬጋ፣ ዶክቶር። ዬሽ። አህ ሸሊ።" ቆዪ፣ አለ፣ ወንድሜ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕብራይስጥ አልበቃትም፤ አማርኛው ጎረፈ። "ወንድሜ ነበረ። ደጀን ነበር ስሙ። ልክ እንደ ጋል ነው፤ ከብት ለማገድ ከእኩዮቹ ጋር ይወጣል፣ ጥለውት ይሄዳሉ፣ ተሸክሜው የምመለስ እኔ ነኝ። ትኩሳት ይዞት ጣለው። ጣለው፣ ጣለው፣ በዚያው ቀረ። የእናቴ እህት ልጅም እንዲሁ ሆና ነው የሞተችው። አባቴ አትናገሩ አለን። ማንም አያገባችሁም አለን። ንገሪያት ብርቱ፣ ቶሎ በይ፣ መርፌውን ታንሳ!"

ብርቱ ፈጥና ነገረቻት። ዳፍና እጇን አነሳች፤ ነርሷ ወደ ኋላ አለች።

"ወንድሟ ካንድ እናት ነው?"

"ካንድ ማኅፀን" አለች አማረች፣ ጥያቄው እስኪተረጎምላት ሳትጠብቅ።

"ያን አስወግጂው" አለች ዳፍና ለነርሷ። "ሁለተኛውን አምጪ፣ በዝግታ። ስኳሩ ይጨመር። የኦክስጅን ጭምብል አጠገቤ ይሁን።"

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትንፋሽ ማየት ሆነ። መድኃኒቱ ጠብታ በጠብታ ገባ። የጋል ደረት ከፍ ዝቅ ይል የነበረው እየቀነሰ፣ እየሳሳ ሄደ። አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ቀረ። ዳፍና ጭምብሉን ፊቱ ላይ ጭና ከረጢቱን ጨመቀች፣ ለቀቀች፣ ጨመቀች። በበሩ በኩል ወይዘሮ ደጅቱ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። አማረች ልጁ እግር ላይ ተደፍታለች። ዳፍና ቆም ብላ ጠበቀች። ደረቱ በራሱ ተነሣ። ደግሞ ተነሣ።

"በሴደር" አለች ሐኪሟ፤ ደህና ነው ማለቷ ነው። ግንባሯን በክንዷ ጠረገች። "ይተነፍሳል።"

ብርቱ ያን ጊዜ ነው ወንድሟን የፈለገችው። አዝመራው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። መስኮት አጠገብ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አገኘችው። ውጭ ዝናብ ነው።

"ይተነፍሳል" አለችው።

"ሰምቻለሁ።" አልዞረም። "ስንት ዓመት ባንድ ትራስ ተኛን። ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም።"

"አሁን ተናገረች እኮ። እናንተ ሁላችሁ ቆማችሁ እያያችኋት። ባትናገር ኖሮ ያ መርፌ ይገባ ነበር።"

ብርቱ ብቻዋን ተመለሰች።

ዳፍና ሰዎቹን እንዲቀመጡ አድርጋ፣ የጓንት ካርቶን ጀርባ ላይ ክብ ሣለች። ረጅም ተናገረች፤ ብርቱ እየተከተለች ተረጎመች። ይህን ትምህርት ተፈትናበታለች፣ ጥሩ ውጤትም አምጥታበታለች፤ ግን ሁሉን የተማረችው በዕብራይስጥ ነው፤ ለእናቷ በሚገባ አማርኛ ተናግራው አታውቅም።

"ሥጋችን አንድ ወጥ አይደለም ትላለች፤ በዓይን ከማይታዩ ትንንሽ ነገሮች የተሠራ ነው፤ ሕዋስ ይባላሉ። እያንዳንዷ ሕዋስ ቆዳ አላት፤ የሚገባውንና የሚወጣውን የምትለይበት። መሃሏ ላይ ይህች ክብ አለች፤ የሰውነታችን ትእዛዝ ሁሉ የተቀመጠባት፤ ግማሹ ከአባት ግማሹ ከእናት የመጣ። በዙሪያዋ ደግሞ የየራሳቸው ሥራ ያላቸው አሉ፤ የሚሠሩ፣ የሚያጓጉዙ፣ ቆሻሻ የሚፈጩ።" ዳፍና ክቡ ውስጥ ባቄላ የሚመስሉ ነገሮች በዛ አድርጋ ሣለች። "እነዚህ ማይቶኮንድሪያ ይባላሉ። የምንበላውን ወደ ጉልበት የሚለውጡ ናቸው፤ እንደ ምድጃ በሉት። ባንዲት ሕዋስ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ይኖራሉ። አንጎልና ጡንቻ ብዙ ጉልበት ስለሚፈልጉ ብዙ አሏቸው። የጋል ምድጃዎች ብዙዎቹ ታመዋል ብላ ትጠረጥራለች። ደህና ሲበላ እንደምንም ይቋቋማል። ትኩሳት ሲይዘውና ሲጾም ግን ጉልበቱ ያልቃል፤ አንጎሉ ያኔ ነው የሚናወጠው።"

"ስንፍና አይደለም ማለት ነው?" አሉ ወይዘሮ ደጅቱ ቀስ ብለው።

"አይደለም እማዬ።"

ዳፍና ቀጠለች። እነዚህ ባቄላዎች ከመሃለኛዋ ክብ የተለየ የራሳቸው ትንሽ ትእዛዝ አላቸው፤ በዚያ ላይ ስሕተት ካለ ከእናት ብቻ ነው ወደ ልጅ የሚተላለፈው፤ ምክንያቱም ልጁ ምድጃዎቹን የሚያገኘው ከእናቱ እንቁላል ነው፤ የአባትየው አይዘልቁም። እናቲቱም፣ እህቶቿም፣ የእህቶቿ ልጆችም መታየት አለባቸው።

ብርቱ ይህን ከመተርጎሟ በፊት እናቷን በዓይኗ ጥግ አየቻቸው። የሚሉትን ሳይሉት ሰማችው። አፏን ከፈተች።

"በዘር የሚመጣ ሊሆን ይችላል ትላለች። ዘመዶች ቢመረመሩ ጥሩ ነው።"

ዳፍና ግራ ተጋባች። ያን ሁሉ ተናግራ የተተረጎመው ይህቺው ነው?

"ብርቱ" አለች አማረች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ቁጣም አልነበረበትም። "ሐኪሟ ደጋግማ ኢማ ስትል ሰምቻለሁ። አንቺ አንድም ጊዜ እናት አላልሽም።"

ብርቱ ፊቷ ጋለ።

"እንድትጎጂብኝ አልፈልግም እትዬ።"

"እኔ ልጄ ነው የተኛው። ለእኔ የተባለውን ስጪኝ። ሁሉንም።"

ብርቱ ሰጠቻት። አንድ ቃል ሳታስቀር፣ ቀስ ብላ፣ አማረችን እያየች። በዚህ መሃል አዝመራው ገብቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

"እንግዲያ ከእሷ ነው!" አሉ ወይዘሮ ደጅቱ። ከወንበራቸው ተነሡ። "ያ ሰውዬ እያወቀ ማለልን! የልጄን ቤት..."

"እውነት ነው እማማ" አለች አማረች። "አባቴ ዋሽቶዎታል። እኔም እርስዎን እያየሁ ዝም አልኩ፤ እስከ ዛሬ። ቢቆጡ ይገባዎታል። ግን በሽታውን እኔ አልሰፋሁትም፤ ሲሰጠኝ አላወቅሁም፤ ስሰጠውም አላወቅሁም።"

ብርቱ ለዳፍና አሳጥራ ነገረቻት። ሐኪሟ አማረችን አይታ እንዲህ አለች፦ "ባንዲት ሕዋስ ውስጥ ጤነኛውና የታመመው ተቀላቅሎ ነው የሚኖረው። የማን ልጅ የትኛው እንደሚበዛለት ማንም አይመርጥም። እሷ ጥቂት ደርሷት ይሆናል፣ ልጁ ብዙ። ጥፋት የሚባል ነገር የለበትም። እንዲያውም ልጁን ዛሬ ያዳነው እሷ መናገሯ ነው። ይህን በደንብ ተርጉሚልኝ።"

ብርቱ በደንብ ተረጎመችው።

ወይዘሮ ደጅቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። አዝመራው እናቱን ሊከተል ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። ተመልሶ ከአማረች ጎን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አላቀፋትም፣ አላጽናናትም። "አባትሽ እውነቱን ቢናገር ኖሮ እማዬ አትድረኝም ነበር" አለ ብቻ፣ ልጁን እያየ። አማረች ይህ ወቀሳ ይሁን ሌላ ነገር አልገባትም። እሱም የገባው አይመስልም ነበር። እስኪመሽ እዚያው ተቀመጡ።

ጋል በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ገልጦ በዕብራይስጥ ውሃ ጠየቀ። ከጭኑ ትንሽ ጡንቻ ተቆርጦ ለምርመራ ተላከ። ከሳምንታት በኋላ ዳፍና ጠርታ የጠረጠረችው እርግጥ መሆኑን ነገረቻቸው። የሚያድን መድኃኒት የለም፤ የሚጠብቅ ሥርዓት አለ። ሳይበላ እንዳይውል፣ ትኩሳት ሲይዘው ቶሎ ሆስፒታል እንዲመጣ፣ ሲደክመው እንዲያርፍ። ወይዘሮ ደጅቱ ከምራታቸው ጋር ፋሲካ እስኪያልፍ ቃል አልተለዋወጡም። ግን አማረች ሥራ በምትገባበት ሰዓት በየቀኑ እየመጡ፣ በሩን ሳያንኳኩ ገብተው፣ ልጁን በማንኪያ ያበሉት ነበር። ጥሏቸው ሲሮጥ ሳህኑን ይዘው ይከተሉታል።

በሽታው ልብና ጆሮንም ስለሚነካ የአማረችም ታየ፤ ደህና ናት ተባለች። ሌላ የቀራት ነገር ነበር። ታናሽ እህቷ አለምወርቅ ናሕሊኤል ሰፈር ትኖራለች፤ ሁለት ሴት ልጆች አሏት፣ ሦስተኛውን አርግዛለች። ባሏ በላይ ስለ ደጀን ሰምቶ አያውቅም።

"ልምጣና ላስረዳልሽ?" አለች ብርቱ።

"ይህን በአማርኛ ነው የምንነጋገረው" አለች አማረች። "አፍ አለኝ።"

አርብ ከሥራ በፊት ሄደች። አለምወርቅ የመጀመሪያዎቹን ቃላት እንደሰማች ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች።

"ማን ሰማሽ? ጎረቤቶቼ አገር ቤት የምናውቃቸው ናቸው!"

"ይስሙ።"

"ልጆቼን ማን ያገባቸዋል?"

"መጀመሪያ ይደጉ" አለች አማረች። ካርቶኑ ላይ ያየችውን ክብ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ሣለችላት፤ ቆዳዋን፣ መሃለኛዋን፣ ባቄላዎቹን። የሚጾም ልጅ ምን እንደሚሆን፣ የትኛው መርፌ እንደሚገድል ነገረቻት። አለምወርቅ ማልቀስ ጀመረች፤ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ጥያቄ ጠየቀች፤ ከዚያ ደግሞ አለቀሰች።

"ለበላይ ማን ይነግረዋል?"

"አንቺ። እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።"

አማረች ያን ቀን ሥራ አልገባችም። በላይ ከሰዓት በኋላ መጣ። ነገሩት። በጣም ተቆጣ፤ የሞቱትን የአማቱን ስም ጠርቶ ተሳደበ፤ ሁለቱ እህቶች እስኪጨርስ ሰሙት። ድምፁ ሲደክም ተቀመጠ፤ የትኛዋ ልጅ ቀድማ ብትታይ እንደሚሻል ጠየቀ። እሁድ ጠዋት ሁለቱንም ይዘው ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ።