ግድግዳው ላይ የሚወጣ ስም

ሉሊት ባየህ የቢሮዋን መስኮት ከፍታ ገና ወንበሯ ላይ ሳትደላደል ነው ሰውየው የመጣው። ኅዳር ነው። ከፎገራ ሜዳ ሩዝ የጫነ ጋሪ ያለማቋረጥ ወደ ወረታ ይገባል፤ ፀሐዩም ከጠዋቱ ጀምሮ ይፋጃል። ሰውየው ግን በዚያ ሙቀት ጥቁር ጋቢ እስከ አገጩ ተከናንቧል። ግራ እጁን ከጋቢው ውስጥ ሳያወጣ በቀኙ ብቻ የመስኮቱን ደፍ ያዘ።

"እንደምን አደርሽ፣ የኔ ልጅ?"

"እግዜር ይመስገን። አንቱስ እንደምን አደሩ?"

"ሰውመሆን አለኸኝ የሚባል ልጅ እናንተ ዘንድ መኪና ሊማር ተመዝግቧል አሉኝ።"

የሉሊት ጣቶች ኮምፒዩተሩ ላይ ቀሩ። ስሙን ታውቀዋለች።

"ምኑ ነዎት?"

"አጎቱ ነኝ።"

"አጎቱ ከሆኑ ታዲያ አይደውሉለትም?"

"ስልኬ ውኃ ገባበትና ቁጥሩ ሁሉ ጠፋ። ስልኩንና ያለበትን ቀበሌ ብትነግሪኝ ብዬ እኮ ነው የመጣሁት።"

"ውኃ የገባበት ስልክ ሩዝ ውስጥ ይቀበራል አሉ። ሩዝ ደግሞ በዚህ አገር አልጠፋም።"

ሰውየው ሳቀ፤ የሳቀው ጥርሱ ብቻ ነው። ሉሊትም ድምፅዋን አስተካክላ ቢሮው የሠልጣኝ መረጃ ለሌላ ሰው እንደማይሰጥ ነገረችው።

"ደግ አሠራር ነው" አለ ሰውየው። "የሚፈተኑትን ሰዎች ስም ግን በር ላይ ትለጥፋላችሁ አሉ።"

ከሰውየው ኋላ ተራ የያዘ አንድ ሠልጣኝ ደግ የሠራ መስሎት ሉሊትን ቀደማት። "ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይለጠፋል፣ አባባ። ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክ፣ ሁሉም እዚያ ላይ አለ።"

"እንግዲያው እጠብቃለሁ" አለ ሰውየው። ሄዶም ከአጥሩ በር ፊት ለፊት ካለው ማንጎ ሥር፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ።

ሰውመሆን የመጣው በክረምቱ ማለቂያ ላይ ነበር። ዝምተኛ፣ ትከሻው ሰፊ ወጣት። ቅጹን ሞልቶ ከጨረሰ በኋላ ከመስኮቱ አልሄድ ብሎ ቆየና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እህቴ፣ ስሜ ግድግዳ ላይ ይወጣል?" ብሎ ጠየቃት። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው ደም አለብን አላት። ታላቅ ወንድሙ በርብ ዳር በመስኖ ውኃ ተራ ተጣልቶ ሰው ገድሏል። ወንድሙ እስር ቤት ነው። ሽማግሌ ገብቶ እርቁ አልያዘም፤ የሟች ወገኖች ገዳዩ ቢታሰር ታናሹ አለ ብለዋል። ቤተሰቡ አገሩን ጥሎ የተሰደደው ሰውመሆን ልጅ ሳለ ስለሆነ አሁን መልኩን የሚያውቅ የለም፤ ስሙን ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ያን ቀን መስኮቱ ላይ ሰው በዝቶባት ነበር። "ስም የማይለጠፍበት መንጃ ፈቃድ ከፈለግህ ሌላ አገር ፈልግ" ብላ መለሰችለት። እሱም እሺ ብሎ፣ አመስግኖ ሄደ። ያ ምስጋና ነው ዛሬ ትዝ ያላት።

ወደ ሰውመሆን ስልክ ደወለች። ዝግ ነው። እንደገና ሞከረች፤ ያው ነው። ሰውመሆን ስልኩን የሚከፍተው ወደ ማታ ብቻ እንደሆነ ሲመዘገብ ነግሯታል።

የቢሮው ኃላፊ አቶ ገበያው ወደ ስብሰባ ሊወጡ ቦርሳቸውን ሲያነሱ ደረሰችባቸው። ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው። ቆመው ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሰውየው ዛፍ ሥር ተቀመጠ ብዬ ፖሊስ ልጥራ? መሣሪያ ቢይዝም ፈቃድ አለኝ ይላል።"

"ፖሊሱ ይቅር። ልጁን ወደ ሐሙሲት ከተማ መፈተኛ ያዛውሩልኝ። ያኔ እዚህ ስሙ አይወጣም።"

"ዝውውር ሠልጣኙ ራሱ ሲያመለክት ነው። በሌለበት ብፈርም ነገ ዘመዷን ጠቀመች ይሉሻል፤ እኔንም ይጨምሩኛል።"

"እሺ፣ ዛሬ ስም ባንለጥፍስ?"

"ዓምና ስም አዘግይተን የሆነውን ረሳሽው? ሕዝቡ ያንን ግድግዳ ካላየ ጉቦ በሉ ነው የሚለው። አሠራሩ ይኸ ነው፤ ለጥፊ" ብለው ወጡ።

ሉሊት ይህን ታውቃለች። በዚያ ቢሮ በሰው አፍ ገብታ የማታውቅ እሷ ብቻ ነች። ምላሷን የማይፈራ የለም፤ እጇን የሚጠረጥር ግን አንድም ሰው የለም። ገበያ ስትወጣ ቀና ብላ የምትሄደው በዚህ ነው።

የቢሮው ማተሚያ ቀለም ካለቀበት ቆይቷል። ዝርዝሩ የሚታተመው ከመንገዱ ማዶ፣ ኢክላስ ኮፒ ቤት ነው። ኢክላስ የልብ ጓደኛዋ ናት። ሉሊት ፍላሹን ሰክታ ስሙን፣ ቀበሌውን፣ ስልኩን እየመረጠች ስታጠፋ፣ የመመዝገቢያ ቁጥሩን ብቻ ስታስቀር ኢክላስ በትከሻዋ ላይ አጎንብሳ አየች።

"ምን እያደረግሽ ነው? ሰዎቹን ሁሉ ፈጀሻቸው እኮ።"

"ቁጥራቸው ደረሰኛቸው ላይ አለ። ይፈልጉት።"

"ነገር አለ መሰለኝ። ቅድም አንድ ሰውዬ መጥቶ የመንጃ ፈቃድ ተማሪዎችን ዝርዝር አንድ ኮፒ ሽጭልኝ ብሎኝ ነበር።"

ሉሊት እጇን ከማውዙ ላይ አነሳች። "ጥቁር ጋቢ የለበሰ?"

"አዎ። የምዝገባ ጊዜ ያተምነው እዚሁ ኮምፒዩተር ላይ አለ፤ ግን ሰውየው አላማረኝምና የለኝም አልሁት።"

ሁለቱም አንገታቸውን አዙረው በበሩ ወደ ውጭ አዩ። ሰውየው ከማንጎው ሥር ሆኖ የሚያየው እነሱን ነው። ሉሊት የክረምቱን ፋይል ፈልጋ አጠፋች፤ ከቆሻሻ መጣያውም አጠፋች። ይህን ያህል ጊዜ የስንቱ ሰው ስልክና ቀበሌ በኮፒ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ተኝቶ እንደኖረ ያሰበችው ገና ያኔ ነው።

ወረቀቱን እንደለጠፈችው ሠልጣኙ ተንጋግቶ መጣ። በስም ፋንታ ቁጥር ሲያይ አጉረመረመ። ፊት የወጣችው ገላነሽ ነበረች፤ ባጃጅ ልትነዳ የምትማር፣ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የምትሸጥ፣ ድምፅዋ ከሐሙሲት የሚሰማ ሴት።

"ቁጥር ምንድን ነው? ከብት ነን እንዴ? እኔ በስሜ ነው የተመዘገብሁት፤ ስሜን አምጪ።"

"ቁጥርሽ ደረሰኝሽ ላይ አለ፣ ገላነሽ።"

"ደረሰኙን ልጄ ቀዶታል።"

"እንግዲያው መታወቂያሽን ይዘሽ ወደ መስኮቱ ነይ፤ እነግርሻለሁ።"

"በጆሮዬ?" ገላነሽ ወደ ሕዝቡ ዞረች። "ሰማችሁ? ፊት ለፊት የነበረው ነገር አሁን በጆሮ ሆነ። ለከፈለ ሰው ቦታ ሊለቀቅ ነው። እኔ ይቺን ልጅ ኩሩ ናት እንጂ ሌባ ናት ብዬ አላውቅም ነበር።"

ሉሊት ምክንያቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። ጥቁሩ ጋቢ ከሕዝቡ መሀል ገብቶ ጆሮውን ሰጥቷል። አፏን ዘጋች። ፊቷ በርበሬ የተቀባ ያህል ነደደ፤ ተመልሳ መስኮቷ ላይ ተቀመጠች።

ሰልፉ ተያዘ። የመጀመሪያው ሰው ገና ቀርቦ ስሙን ከነአያቱ፣ ከነቀበሌው ጮክ ብሎ ሲነግራት ያደረገችው ነገር ገባት። ያ ሁሉ ሰው በየተራው ስሙን ሊናገር ነው፤ ሰውየው ደግሞ መስኮቱ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። የሰውመሆንን ስም ከግድግዳው አውርዳ በሰው አፍ ልታስጠራው!

"ማንም ስሙን እንዳይነግረኝ" አለች። "መታወቂያ ብቻ አሳዩኝ።"

"ስማችን ደግሞ ምን አደረጋት?" አለ አንዱ። ሌላው ሳቀ። መታወቂያ እየተቀበለች፣ በእጇ ከልላ እያነበበች፣ ቁጥሩን በወረቀት ቁራጭ ላይ እየጻፈች ሰጠች። ሰውየው በየመታወቂያው ላይ አንገቱን ያሰግጋል።

ቀና ስትል ሰውመሆን ሰልፉ ላይ አለ። ሩዝ ሲወቃ ነው የዋለው፤ ገለባው ቆቡና ትከሻው ላይ አለ። ከፊቱ ያሉት ሰዎች ጥቂት ናቸው። መስኮቱን ዘግታ ልትነሳ አሰበች። ብትዘጋው ግን ሕዝቡ በር ይሰብራል፤ እሱም ከሕዝቡ ጋር ይጮኻል፤ አንዱ በስሙ ይጠራዋል።

ተራው ደረሰ። "እህቴ፣ እኔ—"

"ስምህን ማን ጠየቀህ?" መታወቂያውን ከእጁ መንጭቃ በፊቱ ደፋችው። ከዚያ ከሰልፉ መጨረሻ እስኪሰማ ድረስ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "ይኸ የሌላ ሰው መታወቂያ ነው። በሰው ስም ልትፈተን ነው የመጣኸው?"

"የኔ ነው እኮ። እስቲ ደህና አድርገሽ እይው—"

"አይቼዋለሁ። እዚሁ ይቀራል። ፖሊስ ሳልጠራ ከሰልፉ ውጣ።"

የልጁ ፊት አመድ መሰለ። ስሙን እየማለ ሊናገር መሆኑን አየች። ዓይኗን ከፊቱ ነቅላ ግድግዳው ሥር ወደቆመው ጥቁር ጋቢ ወሰደችው፤ መልሳም አመጣችው። ሰውመሆን ወደዚያ አልዞረም። ቆቡን ወደ ዓይኑ ሳበ።

"እግዜር ይይልሽ" አለና ሰልፉን ጥሎ ሄደ። ገብቶት ይሁን ተናዶ፣ አላወቀችም።

"ድሃ ስለሆነ እኮ ነው" አለች ገላነሽ ከኋላ።

ሰውየው ቀኝ እጁን በመስኮቱ አስገባ። "ማን ነው ያ ልጅ? መታወቂያውን እስቲ ልየው።"

ሉሊት መሳቢያውን ከፍታ መታወቂያውን ወረወረችና ቆለፈችው። "የመንግሥት ማስረጃ ነው። አንቱ ሠልጣኝ አይደሉም፣ ፖሊስም አይደሉም። ጥላው ይሻልዎታል፣ አባባ።"

እጁን ቶሎ አልመለሰውም። በመጨረሻ ሲያወጣው ቀስ ብሎ ነው፤ ዓይኑ ግን እሷ ላይ ቀረ።

አቶ ገበያው ከስብሰባ ሲመለሱ ሕዝቡ በር ላይ ከበባቸው። ቢሮ የገቡት ላብ አጥምቋቸው ነው። ሉሊት ይቆጡኛል ብላ የጠበቀችውን ጩኸት አልሰማችም። በሩን ዘጉና ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"ሰውየው በሰው መሀል ሲያልፍ ተጋፋኝ" አሉ። "ከጋቢው ሥር ያለው ዱላ አይደለም።"

"ብዬዎት ነበር።"

"ብለሽኝ ነበር።" ፊታቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "ልጁን የት አደረግሽው?"

"አባረርሁት። ዝውውሩን ይፈርሙልኝና የሌሎቹን ስም እንደ ወትሮው እለጥፋለሁ። ሕዝቡም ይረጋል።"

"አይረጋም። ቅድም ስሙ ለምን እንደተደበቀ ይጠይቃሉ። ምን ልበላቸው? እውነቱን ብነግራቸው እስከ ነገ ሐሙሲት ይደርሳል።"

ሉሊት በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ገላነሽ እጇን እያወናጨፈች ታወራለች።

"እኔ አጠፋሁ በሏቸው።"

"ማስጠንቀቂያ እንድጽፍብሽ ይፈልጋሉ። እሱም ይለጠፋል፤ በሙሉ ስምሽ።"

"ይለጠፍ" አለች፤ የዝውውሩንም ወረቀት ወደ ፊታቸው ገፋችው። "መጀመሪያ ይቺን ይፈርሙልኝ።"

ፈረሙ።

ስሞቹ ሲለጠፉ ሰውየው ጣቱን እያሳረፈ ከላይ እስከ ታች አነበበ። እንደገና ከላይ ጀመረ። ከዚያ ወደ ማንጎው ተመለሰ።

ፀሐይ ስትጠልቅ የሰውመሆን ስልክ ጠራ።

"የቀረሽ ስድብ አለ?" አለ።

"ጥቁር ጋቢ የለበሰውን ሰው አይተኸዋል?"

"በመጨረሻ አየሁት" አለ። "አልዞርሁም እንጂ አይቸዋለሁ።"

"ነገ ወረታን እንዳትረግጥ። የምትፈተነው ሐሙሲት ነው። የኢክላስ ወንድም ሙሰብ በባጃጁ መታወቂያህን ይዞልህ ይመጣል። ፈተና ስትገባ ለኔ ይደውልልኛል፤ አላነሳውም፤ ሁለት ጊዜ ከጠራ ገብተሃል ማለት ነው።"

"እህቴ፣ የተናገርሁሽን—"

"ተወው። ደህና አድርገህ ንዳ።"

በማግሥቱ ጠዋት ማስጠንቀቂያውን የለጠፈችው ራሷ ናት፤ መለጠፍ የሷ ሥራ ነውና። "ወይዘሪት ሉሊት ባየህ የሠልጣኞችን ስም ያለ አግባብ በመደበቅ ሕዝብ በማጉላላታቸው" ይላል። ኮላውን በጣቷ ዳር ዳሩን ስትጫን ከኋላዋ ሰው ቆመ። ሳትዞር አወቀችው።

"ሉ–ሊ–ት ባ–የ–ህ" ብሎ አነበበ ሰውየው፣ ፊደሉን እየለቀመ። "አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ስም ደበቀች ይላል።"

"ይላል።"

"የማንን?"

ሉሊት ዞረች። እንዲህ ቀርባ ስታየው ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ የደከመ ሰው ዓይን ነው፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት። "የተለጠፈውን አንብበዋል፣ አባባ። ሌላ የሚነበብ የለም።"

ኪሷ ውስጥ ስልኳ ተንቀጠቀጠ። አንዴ። ቆመ። ሁለተኛ ተንቀጠቀጠ።

እጇን ወደ ኪሷ አልሰደደችም። ሰውየው ስሟን እንደገና ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ያነብ ጀመር፤ ቶሎ የሚሄድ አይመስልም ነበር። እሷም ጨርሶ እስኪሄድ ድረስ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።