ዘይቱን ማን አፈሰሰው?

አንዲት ጥቁር ክር ነበረች... በግራጫ ባሕር ላይ የተጣለች፣ ቀጭን፣ እዚህም እዚያም የተበጠሰች። ሳተላይት ነው ከሰማይ ያያት። እኔ ያየኋት አዲስ አበባ ላይ፣ ባሕር በሌለው አገር፣ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀምጬ ነው።

ሥራዬ ይኸው ነው። ባሕር ላይ የፈሰሰ ዘይት እፈልጋለሁ። ነፋስ የሚያናውጠው ውሃ ምስሉ ላይ ይነጣል፣ ዘይት የተኛበት ውሃ ጸጥ ይልና ይጠቁራል። ግን ነፋስ ያረፈበት ውሃም ይጠቁራል። ለዚህ ነው አለቃዬ ጋሽ በላቸው ጠዋት ማታ "ጥቁር ሁሉ ዘይት አይደለም" የሚሉን።

ጥቁር ሁሉ ዘይት አይደለም... እሺ። ያን ሳምንት ግን ዘይት እንዲሆን ለመንኩ፣ ዘይት ጠላቴ የሆነው እኔ።

ጠፍቶ ነበር ወንድሜ። አስማረ፣ የመርከብ መካኒክ። ሬዲዮው ዝም፣ ስልኩ ዝም፣ መርከቡ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ፈላጊዎች ወደ ሰሜን ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

"ትርንጎዬ፣ ልጄን አየሽው?" ትለኛለች እማዬ፣ ከባሕር ዳር ከተማ በደወለች ቁጥር።

አላየሁትም። ያየሁት ጥቁር ነው።

ልጆች ሳለን አመድ የመሰለ እግሩን በምግብ ዘይት ያወዛ ነበር አስማረ። ጠርሙሱን ከጓዳ ሰርቆ ሲሮጥ ይንጠባጠብበታል... ጠብታ፣ ደግሞ ጠብታ፣ ደግሞ ጠብታ። "ዘይቱን ማን አፈሰሰው?" ትጮኻለች እማዬ። እኔ ጠብታውን ተከትዬ ከጓሮ፣ ከጌሾው ሥር አገኘዋለሁ።

"አስማረ ነው!"

"አሳባቂ!" ይለኛል፣ እግሩ እያብለጨለጨ።

ክሯን ደግሜ አየኋት። ጥቁር... ባዶ... ጥቁር... ባዶ። ነፋስ እንዲህ አይንጠባጠብም። የተቀደደ ታንከርም እንዲህ እየቆጠበ አያፈስም።

ጠብታውን ተከተልኩ። ወደ ደቡብ፣ ማንም ወዳልፈለገበት ወደ ደቡብ። ጠብታው ካለቀበት አንዲት ነጭ ነጥብ ነበረች፤ በእኛ ምስል ላይ መርከብ እንዲህ ነው የሚታየው።

"ጥቁር ሁሉ..." ብለው ጀመሩ ጋሽ በላቸው። ፊቴን ሲያዩ ተዉት። ስልኩን አነሱ።

አገኟቸው። ሁሉንም፣ በሕይወት። ኤሌክትሪኩ ከነሬዲዮው ጠፍቶ፣ ነፋስ እየነዳቸው፣ የሚጠጡት ውሃ ሊያልቅ ሲል። "እህቴ ዘይት አይታ ዝም አትልም" ብሎት ነበር አሉ አስማረ ካፒቴኑን። ከዚያ የሞተሩን ዘይት በባልዲ እየቀዳ... ትንሽ አፍስሶ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ትንሽ አፍስሶ።

ተመስገን አልኩ። ስለ ጥቁሩ ተመስገን፣ ስለ ባዶው ተመስገን፣ ስለ ሌባው፣ እግሩን ስለሚያወዛው ተመስገን። ያ ዘይት ለዓሣው መርዝ መሆኑን አውቃለሁ። አውቄም ተመስገን አልኩ።

ዜናው በመጣበት ጠዋት አዲስ ምስልም መጣ። ያው ግራጫ ባሕር... ክሯ ሳስታ ልትጠፋ ደርሳለች። ከነጯ ነጥብ ጎን ግን ሌላ ነጭ ነጥብ ቆማለች፣ ልትወስዳቸው የመጣችው።

ዓይኔን ከሁለቱ ሳልነቅል እማዬ ጋ ደወልኩ።

"እማዬ... ባሕሩ ላይ ዘይት ፈሶ ነበር።"

በቀስታ፣ ድሮ በምትጮኽበት ቃል ጠየቀችኝ፦

"ማን... ማን አፈሰሰው?"

"አስማረ ነው!" አልኳት እያለቀስኩ። "እማዬ፣ አስማረ ነው!"