የጨርቅ ጫጩት

ጫጩቶቹ ሊመጡ አንድ ወር ሲቀራቸው ልጅቷ ወረቀት ጽፋ የማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈች። የእንስሳት ክሊኒክ ረዳት ናት፤ መርፌ መውጋት፣ ቁስል ማጠብ፣ የሚንፈራገጥ በግ አንገቱን ይዞ መቆም የዘወትር ሥራዋ ነው። ስለዚህ ሁለት መቶ የአንድ ቀን ጫጩት እቤቷ ለማሳደግ ስትነሳ እንደ ሌላው ሰው በነሲብ አልጀመረችም። ወረቀቱ ላይ አምፖል፣ ሰጋቱራ፣ የካርቶን አጥር፣ የውሃ መጠጫ፣ የወንፊት ሽቦ፣ በረኪና የሚሉት ተራ በተራ ተጽፈዋል። ከሁሉም በታች፣ እንደ ተራ ነገር፣ «ድመትና ውሻ» ይላል።

እናቷ ይህን ያነበቡት መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠርገው ነው። አርባ ዓመት ልብስ የሰፉ ሴት ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም የገዛ ቤታቸውን ዘግተው ልጃቸው ዘንድ ሲገቡ ይዘው የመጡት የስፌት መኪናቸውን፣ ድመታቸውንና ሻለቃን ነበር። ሻለቃ ውሻው ነው። ቡችላ ሳለ ደረቱን ነፍቶ ስለሚሄድ ስሙን ያወጡለት ሟቹ ባላቸው ናቸው። አሁን አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ የኋላ እግሩ ይጎተታል፣ አንድ ዓይኑ ደመና ለብሷል፣ ደረቱንም መንፋት ከተወ ቆይቷል። ባላቸው ሞተው ዘመድ አዝማዱ አጽናንቶ ሲበተን ከእሳቸው ጋር የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ልጅቷ እንኳ በሳምንቱ ሥራ ገብታለች።

«ይሄ ታች የተጻፈው ምንድን ነው?» አሉ።

«የተጻፈው ነዋ፣ እማዬ። ጫጩት ያለበት ቤት ድመትም ውሻም አይኖርም።»

«ሻለቃ እኮ ዝንብ አይነካም።»

«ስለማይደርስባት ነው» አለች ልጅቷ፣ ከሰጋቱራው ጆንያ ቀና ሳትል።

እዚህ ላይ እናትየዋ ያደረጉት ነገር የሚያኮራ አይደለም፤ ግን መነገር አለበት። ድመቷን አሳልፈው ሰጡ። «ድመቷን ውሰጃት፤ እሷስ እውነትም አትታመንም። ሻለቃን ግን ፈትነሽ ፍረጂ» አሉ። ድመቷ ሰባት ዓመት ሙሉ እግራቸው ሥር የተኛች ፍጥረት ናት። ልጅቷ ድመቷን ስትከት የከረጢቱን አፍ ዘርግተው የያዙት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እጃቸውን ቧጨረቻቸው፤ እሳቸውም «አላልኩሽም?» አሉ ለልጃቸው፣ ጥፋቷን እጅ ከፍንጅ እንደያዘ ሰው። ልጅቷ ወደ ሥራ ስትሄድ አንዱ ወፍጮ ቤት በር ላይ ጥላት አለፈች። የቱ ወፍጮ ቤት ብለው አልጠየቁም።

ልጅቷም ቃሏን አላጠፈችም። «ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው ሦስት ቀን በፊት ከክሊኒክ አንድ ጫጩት አመጣለሁ። ፊቱ አስቀምጠዋለሁ። ጉዳት ካላደረሰበት ይኖራል። ከጎዳው ግን አስተኛዋለሁ፤ አያመውም» አለች። አስተኛዋለሁ ስትል እገድለዋለሁ ማለቷ እንደሆነ እናትየዋ ያውቃሉ። ስንቱን እንዳስተኛች እራት እየበላች የምታወራላቸው ልጅ ናት።

ልብስ ሰፊ ሁሉን ነገር በጨርቅ ነው የሚያስበው። እናትየዋ ከቁርጥራጭ ከረጢታቸው ቢጫ ጨርቅ መርጠው ጫጩት ሰፉ። የቀልድ አልነበረም፤ ሙያቸውን ሁሉ አፈሰሱበት። ጥጥ ሞሉት፣ ክብደት እንዲኖረው ሆዱ ውስጥ ትንሽ ስንዴ ጨመሩበት፣ ክንፉን ለብቻው ሰፍተው ቀጠሉት፣ ለዓይኑ ጥቁር ክር ቋጠሩለት። ሻለቃ የመጀመሪያውን ዘነጣጥሎ ጥጡን ሳሎን ሙሉ በተነው። በእንጨት ሜትራቸው አፍንጫው ላይ አሳረፉበት። ሁለተኛውንም ነከሰው፤ ደገሙት። በዕድሜው ተመትቶ የማያውቅ ውሻ ነውና ግራ ገብቶት ሶፋው ሥር ተወሸቀ። እሳቸውም ኩሽና ገብተው አለቀሱ፤ አልቅሰው ሲወጣላቸው ሦስተኛውን ሰፉ። «ላንተው ብዬ እኮ ነው» ይሉታል። የሚደበድብ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው።

እንዳይነካ አስተምረውት ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ሞክረውም ነበር። ሻለቃ ግን የወደቀ ነገር አይቶ ማለፍ ከድሮም አይሆንለትም፤ ከስፌት መኪናው ሥር የተንከባለለ ክር፣ የወደቀ ቁልፍ ሳይቀር እያነሳ ጭናቸው ላይ ሲያስቀምጥ የኖረ ውሻ ነው። ስለዚህ ሌላ መላ ዘየዱ። ተው ቢሉት አይሆንለትም፤ ያንሳው፣ ግን ሳይጎዳ ያንሳው። ጉዳት ካላደረሰ ይኖራል ተብሏል አይደል? ሳይጎዳ አንስቶ ሲያመጣ ልጃቸው በገዛ ዓይኗ ብታይ፣ ከዚያ ወዲያ ምን አፍ ይኖራታል?

በሁለተኛው ሳምንት ሻለቃ የጨርቅ ጫጩቱን በከንፈሩ ብቻ ይዞ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ጭናቸው ላይ ያኖረው ጀመር። መነጽራቸውን አድርገው ስፌቱን በጣታቸው እየዳሰሱ ይመረምሩታል፤ አንገቱን፣ ክንፉን፣ የሆዱን መዝጊያ። «አንድ ክር አልተነካም» ይሉና የዳቦ ቅርፊት ያጎርሱታል። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ «አምጣ» ካልተባለ ጭራሹን የማያነሳ ሆነ። ጫጩቱ አፍንጫው ሥር ተቀምጦ እንኳ እሳቸውን እያየ ይጠብቃል። እሳቸውም ሰው ሁሉ የማይወልደውን ልጅ የወለዱ ይመስል ደስታው አላስቀምጥ አላቸው።

ቤቱ በዚህ መሀል ተገለባብጧል። ከክፍሎቹ ሁሉ የሚሞቀው የእናትየዋ ስለነበረ ለጫጩቶቹ የተመረጠው እሱ ነው። አልጋቸው ፈርሶ ግድግዳ ላይ ተደገፈ፤ ሶፋ ላይ ይተኛሉ። የስፌት መኪናቸው ኮሪደር ላይ ወጣ። ልጅቷ ወለሉን በበረኪና አጠበች፣ የበሩን ሥር በወንፊት ሽቦ ደፈነች፣ ሰጋቱራውን አለበሰች። የካርቶኑን አጥር ክብ አድርጋ ነው ያቆመችው፤ ጫጩት ጥግ ካገኘ አንዱ ባንዱ ላይ ተከምሮ ይታፈናል። «ሲበርዳቸው እርስ በርስ ይገዳደላሉ፤ ክፋት ኖሯቸው አይደለም» ብላ አስረዳቻቸው። እናትየዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወገባቸውን ሶፋው እየቆረጠማቸው ነበር፤ ግን አፋቸውን አልከፈቱም። ሻለቃ እስኪፈተን ድረስ ነገር አላበዛም ብለው ቆርጠዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጅቷ በጫማ ካርቶን ጫጩቱን ይዛ መጣች። አንድ እግሩ ሽባ ነው፤ ከክሊኒክ የሚጣል ነበር። «ለዚህማ ጤነኛ አላባክንም» አለች። ሳሎኑ መሀል ወለሉ ላይ አስቀምጣው ክንዷን አጣምራ ግድግዳውን ተደገፈች።

ጫጩቱ ጮኸ። በአንድ እግሩ ዘለል ብሎ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ጮኸ። ሻለቃ ጆሮው ቆመ። ከጨርቁ ድምፅ ሰምቶ አያውቅማ። ምራቁ ተንጠለጠለ፣ ቆዳው ተንቀጠቀጠ፣ ግን ንቅንቅ አላለም። ጫጩቱ እየተንፏቀቀ የፊት መዳፉ ላይ ወጣ፤ ዝም አለው። ደህናውን ዓይኑን ወደ እናትየዋ አዙሮ ጠበቀ።

ደቂቃ አለፈ። ሁለት አለፈ። ልጅቷ ክንዷን ፈታች። «ይገርማል» አለች። «እውነትም—»

እዚያ ላይ ዝም ቢሉ ኖሮ። ይህ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚለው ይህን ነው፤ ዝም ቢሉ ኖሮ። ግን ሦስት ሳምንት የለፉበት ሙያ ሳይታይ ሊቀር ነው። ሶፋ ላይ ሲንገላቱ የከረሙት፣ የሚወዱትን ውሻ በሜትር የመቱት፣ ዓይናቸው እስኪያብጥ በመርፌ ቀዳዳ ክር ያሳለፉት፣ «ይገርማል» ተብሎ ብቻ ሊታለፍ ነው። ልጃቸው ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ የእሳቸውን ሥራ ተገርማ አይታ አታውቅም።

«ቆይ፣ ገና ምኑን አየሽና» አሉ። ጭናቸውን መታ መታ አደረጉ። «ሻለቃ። አምጣ።»

ሻለቃ ጎንበስ ብሎ ጫጩቱን በከንፈሩ አነሳ። ጥርሱ አልነካውም። ራሱን ቀና አድርጎ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ጅራቱን እየወዘወዘ አምጥቶ ጭናቸው ላይ አኖረው።

እናትየዋ መነጽራቸውን አስተካክለው በጣታቸው ዳሰሱት። አንገቱን፣ ክንፉን፣ ሆዱን። በምራቅ ርሷል እንጂ አንዲት ላባ አልጎደለችም። «አየሽልኝ?» አሉ፤ ፊታቸው በርቶ።

ልጅቷ ጠጋ ብላ በአንድ ጣቷ ገለበጠችው። «ሞቷል፣ እማዬ።»

«አልተቀደደም እኮ።»

«ደንግጦ ነው። ጫጩት በድንጋጤ ይሞታል።»

እናትየዋ ጫጩቱን እንደገና ዳሰሱት፤ ያልታየ ቀዳዳ የሚፈልጉ ይመስል ነበር። ሻለቃ የዳቦ ቅርፊቱን እየጠበቀ ነው።

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ቆሞ ነበር፤ አይተሻል። ዝም ብሎ ቆሞ ነበር።»

«አይቻለሁ። አሳልፌው ነበር። አሁን ግን ጫጩት ሲያይ የሚያነሳ ውሻ ነው፣ ያስተማርሽውም አንቺ ነሽ። እኔ ሥራ ውዬ አንቺ እንቅልፍ ቢወስድሽስ? ደስ እንዲልሽ እያለ ስንቱን ያመጣልሻል?»

«ይታሰር።»

«አምስት ሳምንት ሲሞላቸው ግቢው የእነሱ ነው። እድሜውን ሙሉ ታስሮ ሊኖር ነው? ያ ይሻላል?» ልጅቷ የሞተውን ጫጩት ወደ ካርቶኑ መለሰችና ከደነችው። «ማክሰኞ ጠዋት፣ እነሱ ሳይመጡ።»

እሑድ እናትየዋ ሻለቃን አስከትለው መንገድ ማዶ ያለው ጋራዥ ሄዱ። መካኒኩ ሁለት ውሾች አሉት፤ አንድ ቢጨመር ምን ይለዋል ብለው ነው። ሰውዬው ዘይት የነካ እጁን እየጠረገ ሻለቃን ከራስ እስከ እግሩ አየው።

«እማማ፣ እሱ ነው እኔን የሚጠብቀው፣ እኔ ነኝ እሱን?» አለና ሳቀ። ሠራተኞቹም ሳቁ።

«በሞቴ» አሉት። «ምግቡን በየቀኑ አመጣለሁ። ምንም አያስቸግርህም።»

«የኔዎቹ ቦጫጭቀው ነው የሚጥሉት፣ ኋላ በእኔ ያዝናሉ። ልጅዎት ባለሙያ ናት፤ እሷ እጅ ላይ ይሻለዋል።» ይህን ሲል ከልቡ አዝኖላቸው ነበር፤ ሳቁ ግን ገና ከፊቱ አልጠፋም። እናትየዋ አመስግነው ተመለሱ። እንዲህ ዓይነቱን መልስም አመስግኖ መቀበል ግድ ነው፤ ጎረቤት ነዋ።

ማክሰኞ ጠዋት ክፍሉ ቀድሞ እንዲሞቅ አምፖሉ በርቶ ነበር። ልጅቷ ጓንቷን አጥልቃ፣ መርፌዋን ሞልታ፣ ሻለቃን ብትፈልገው አጣችው። የክሊኒኩን ሽታ ያውቀዋል፤ በሩ ገርበብ ብሎ ስላገኘው ወደ ድሮ ክፍሉ ገብቶ፣ የካርቶኑን አጥር ደርምሶ፣ ሰጋቱራው ላይ ከአምፖሉ ሥር ተጋድሟል። ጠራችው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ልትይዘው ስትጠጋ ጥርሱን አሳያት። በዚህ ቤት ጥርሱን ሲያሳይ የመጀመሪያው ነው።

«መካኒኩ ገመድ ይዞ ይምጣ እንዴ?» አለች ወደ ኮሪደሩ። «ወይስ አንቺ ትጠሪዋለሽ? አንቺ ከጠራሽው ይመጣል።»

እናትየዋ ከስፌት መኪናቸው አጠገብ ቆመው ነበር። እንቢ ማለት ይችሉ ነበር። ግን ገመዱን አሰቡት፤ አንገቱን ታንቆ እየተጎተተ ሲጮህ፣ እነዚያ ሠራተኞች ቆመው ሲያዩት። ቀስ ብለው በሩ ላይ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ለመቀመጥ ግድግዳውን ይዘው ጊዜ ወሰደባቸው። እግራቸውን ዘረጉ።

«ና፣ የኔ ጌታ» አሉ። ድምፃቸው እንዳይንቀጠቀጥ ተጠንቅቀው ነበር፤ ቢንቀጠቀጥ ኖሮ ምናልባት ይጠራጠር ነበር።

ሻለቃ ተነሳ። ሰጋቱራው ሆዱ ላይ ተጣብቋል። ልጅቷን ገላምጦ፣ በእሷና በግድግዳው መሀል አልፎ፣ እግሩን እየጎተተ መጣና አገጩን ጭናቸው ላይ አሳረፈ። ይዞት የመጣው ነገር ስለሌለ ያፈረ ይመስላል።

«እጅሽ ጆሮው ላይ ይሁን» አለች ልጅቷ ተንበርክካ። «ወደ እኔ እንዳይዞር። እንደሱ። ጥሩ።»

መርፌው ሲገባ አልጮኸም። ከታች ወደ ላይ እያያቸው ነበር፤ ምን እንደሚያዙት ሲጠብቅ። እናትየዋ የሚያዙት ነገር አጡ። ጅራቱ ወለሉን ሁለት ጊዜ መታ፣ ከዚያ ሦስተኛውን ጀምሮ ተወው።

ልጅቷ ደረቱን በማዳመጫዋ ሰምታ ሰዓቷን አየች። «አንድ ሰዓት ነው ያለን» አለች። «ተነሺ እማዬ፣ ሰጋቱራው በሙሉ መቀየር አለበት።»

እናትየዋ ለመነሳት ሞከሩ። ጭንቅላቱ ከብዷቸው እግራቸው ደንዝዞ ነበር።

«ቆይ» አሉ። «ተኝቷል።»