ያልጮኸው የማቀዝቀዣ ደወል

የክትባት መጋዘኑ ዘበኛ ጋሽ ባዘዘው በሥራ ላይ ተኝተዋል ተብለው ሲባረሩ የኮምፒውተር ባለሙያው አንሙት ምንም አላለም። ደወሉን የሠራው ግን እሱ ነው። ማቀዝቀዣው ሙቀት ገብቶበት ሁለት ሰዓት ከቆየ ይጮኻል፤ ጋሽ ባዘዘውም ሲሰሙ ለመጋዘኑ ኃላፊ ለትንቢት ይደውላሉ። አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ፣ ክትባቱ ተበላሸ፣ ከቁይ ከተማ ልጅ አዝለው የመጡ እናቶች እንዲሁ ተመለሱ። ሽማግሌው «አልጮኸም» ብለው ማሉ። ማን ይስማቸው? ደወሉ ከነኮምፒውተሩ በባትሪ ይሠራል፤ ማሽን ደግሞ አይተኛም።

አንሙት ፕሮግራሙን በራሱ ላፕቶፕ ሲሞክረው በደንብ ጮኾለት ነበር። የመጋዘኑ ኮምፒውተር ግን በእርዳታ የመጣ አሮጌ ነው። ከሙቀት መለኪያው ጋር የሚያገናኘውን ድራይቨር ሊጭንበት ሲል እምቢ አለ፤ የእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ከርነል፣ የሥርዓቱ እምብርት፣ ትልልቅ ቁጥሮችን በተለመደው የማካፈያ ምልክት አያካፍልም። ለዚህ የተዘጋጀ ልዩ የማካፈያ ትእዛዝ አለ፤ አንሙትም ያውቀዋል። ግን የማኅበር ተረኛ ስለነበር ቸኩሎ የቁጥሩን ዓይነት «ሎንግ» ወደሚባለው ቀየረው። ድራይቨሩ ተጫነ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ መልቀሙንም ረሳው።

ክረምቱ ሲወጣ ትንቢት ያንኑ ደወል ለአማኑኤልና ለደምበጫ ከተሞች መጋዘኖች እንዲሠራ ጠየቀችው። ኮዱን ከፍቶ ሲያነብ አየው። «ሎንግ» በላፕቶፑ ላይ ሰፊ ነው፤ በአሮጌው ላይ ግማሹን ያህል ብቻ ነው። ጊዜው የሚደመረው በማይክሮ ሰከንድ፣ በሰከንድ ሚሊዮንኛ፣ ስለሆነ፣ ጠባቡ ቦታ አንድ ሰዓት ከሩብ ሳይደርስ ይሞላና እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ሁለት ሰዓት የሚባለው አይደርስም። ዓመት ሙሉ ቢሞቅም ደወሉ አይጮኽም።

መደንገጥ ነበረበት፤ አልደነገጠም። ሁለመናው ደንዝዞ ኮዱን አስተካከለ፣ ለትንቢትም ነገራት። እሷ ሽማግሌው ወደ ሥራ እንዲመለሱ እንደምታስደርግ ነገረችውና «አንተው ሄደህ ንገራቸው» አለችው።

ጋሽ ባዘዘው ቤታቸው መደብ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው አብጧል።

«ጋሽ ባዘዘው፣ እርስዎ አልተኙም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ደወሉ ሊጮኽ አይችልም ነበር።»

አዩት እንጂ አልተቆጡም።

«ተኝቻለሁ እንጂ» አሉ። «እኔም መጀመሪያ አልተኛሁም ብዬ ነበር። ሁሉም ጮኋል ሲለኝ፣ ለካ ተኝቼ ኖሯል አልሁ። ለነፍስ አባቴ ተናዝዤ ስግደቱን ፈጽሜያለሁ።»

አንሙት ከመጀመሪያው ጀምሮ በዝግታ አስረዳቸው፤ ሥራቸው እንደሚጠብቃቸውም ነገራቸው። ደስ ይላቸዋል ብሎ ነበር የመጣው። ሽማግሌው ግን ጉልበታቸውን አሹ።

«ሌላ ዘበኛ ፈልጉ፣ ልጄ» አሉ። «ከእንግዲህ ነቅቼ ባድር እንኳ፣ መንቃቴን በምን አውቃለሁ?»