የመንጌ ቢሻዎች

መንጌ ገብታችሁ «ቢሻው!» ብላችሁ እንዳትጣሩ። ተው ብያለሁ! የሚከተላችሁን ልጅ መመለሻ ታጣላችሁ።

ነገሩ የጀመረው በአምቡላንስ ሾፌሩ በቢሻው ነው። ቢሻው የደብረ ዘይት ልጅ ነው፤ የወንበራዋን ማለቴ ነው፣ ሐይቅ ያላትን አይደለም። መንጌ ተመድቦ በመጣ ክረምት፣ ከገጠር የጫናት ወላድ አሶሳ ሆስፒታል ሳትደርስ መኪናው ውስጥ ተገላገለች። ባሏ ዓዲላ የሚሆነውን አጥቶ «ስሙ ቢሻው ነው!» አለ። አለቀ። ከዚያ ወዲያ እዚያ መኪና ውስጥ የተወለደ ወንድ ሁሉ ቢሻው ሆነ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ሴት ስትወለድስ? ሴቶቹ በሾፌሩ ሚስት ስም በለጡ ተባሉ፤ በለጡ እኮ ያንን መኪና ረግጣው አታውቅም! አዋላጇ ሂባ «የማዋልደው እኔ፣ ስሙ ለመሪ ጨባጭ!» እያለች ስታኮርፍ ትውላለች።

ልጆቹ ሲያድጉ ደግሞ ጉዱ ባሰ። ኳስ ሜዳ ላይ «ቢሻው፣ አቀብል!» ሲባል ሁለቱም ቡድን ያቀብላል፤ በረኛው ሳይቀር ግቡን ጥሎ ይመጣል።

አገሩ ይስቃል፣ ቢሻው ግን አይስቅም። ስሙ ከየት እንደመጣ ያውቃላ! እናቱ እሜቴ ምንውየለት ከሱ በፊት የወለዷቸው ሁሉ ሞተውባቸዋል። እሱ ሲወለድ ተስፋ ቆርጠው «ቢሻው ይውሰደው፣ ቢሻው ይተወው» ብለው ለፈጣሪ የተዉት ስም ነው። ይህን የሐዘን ስም በሰው ጤነኛ ልጅ ላይ ሲለጥፉት ይሳቀቃል። በዚያ ላይ የራሱ ቤት ባዶ ነው። በለጡ ሁለት ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች። የመጀመሪያውን ዘላለም ብለውት ነበር፤ ሳምንት አልሞላም።

አንድ ቀን አላስችል ቢለው ለሰፈሩ ሽማግሌ ለሼህ ዓብዱልላጢፍ እቅጩን ነገራቸው። ሼሁ አዳምጠው ሲያበቁ ትክ ብለው አዩት።

«ታዲያ ወሰደህ?»

«አልወሰደኝም።»

«ወላሂ፣ ጥሩ ስም ነው» አሉና ሄዱ። በማግስቱ የልጅ ልጃቸውን ቢሻው አሉት፤ ያውም ቤት የተወለደውን!

በለጡ እንደገና ፀነሰች። እሜቴ ምንውየለት ደብረ ዘይት ሆነው ይህን ሲሰሙ በጩኸት ስልኩን ሊሰብሩት ደረሱ። «ዘላለም ምናምን እያልክ ዓይን ውስጥ እንዳታስገባው! እንቶኔ ነው የሚባለው። ሞት ጠርቶ እንዳያገኘው። እኔው መጥቼ አወጣለታለሁ» አሉት።

ምጡ የመጣ ቀን ቢሻው ቁልፉን ለተለዋጩ ሾፌር ለጁምዓ ሰጠ። መንገድ ላይ ከተወለደ በሾፌሩ ስም መጠራቱ አይቀርም። ጁምዓም ቢባል ምን ገዶት፣ የሱ ስም ብቻ አይሁን! በለጡ ግን የመኪናውን በር ይዛ አልገባም አለች።

«የአገሩን ሴት ሁሉ አድርሰህ እኔን ለሰው ትሰጠኛለህ? አንተ ሰውዬ፣ አንጀት የለህም?»

ምን ያድርግ፣ መሪውን ጨበጠ። ጉድጓዱን ሁሉ እየፈራ ሲያዘግም፣ አሶሳ ሳይደርሱ ሂባ ከኋላ «ቁም! ወንድ ነው!» ብላ ጮኸች።

አገሩ «ቢሻው ቢሻው» ብሎ አጸደቀ፤ ከነአባቱ ስም መሆኑ ነው። ቢሻው «እኔ ቆሜ አይሆንም!» አለ። «የሰውን ልጅ በስምህ ስታስጠራ ኖረህ ለራስህ ልጅ ትሰስታለህ?» ብለው ተቆጡት። ሕፃኑ ያለ ስም ሰነበተ። በለጡ ትንፋሹን እያዳመጠች ታድራለች፤ ቢሻው ደግሞ እሷን እያዳመጠ። ፈርተዋል፣ በጣም ፈርተዋል።

እሜቴ ምንውየለት እንቶኔ የሚለውን ስም ይዘው መጡ። ከአውቶቡስ ወርደው ልጃቸውን ቢያጡት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ቢሻው! ኧረ አንተ ቢሻው!» ብለው ተጣሩ።

ወይ ጉድ! ከጉሊቱ፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ወርቅ ከሚታጠብበት ወንዝ፣ ልጅ ጎረፈ። «አቤት!» «አቤት!» ይላል ሁሉም። አንዱ ሻንጣቸውን ነጠቀ፣ አንዱ በነጠላቸው ተጠመጠመ፣ አንዱ ጭቃ እጁን ለሰላምታ ዘረጋ። ትልቁ ቢሻው ሲደርስ እናቱ መሬት ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?»

«እነዚህ ሁሉ ቢሻው ናቸው?»

«ሁሉም።»

«አንዱም አልሞተም?»

«አንዱም።»

እሜቴ ምንውየለት እንባቸውን ጠርገው ተነሡ። «ታዲያ ሞት እዚህ መጥቶ ቢሻው ብሎ ቢጣራ የቱን ሊይዝ ነው? ግራ ገብቶት ይመለሳታል እንጂ! እንቶኔ ቀርቷል» አሉ።

ቤት ገብተው የልጅ ልጃቸውን ከበለጡ ተቀብለው ታቀፉት።

«ቢሻው» አሉት፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ።

ደጅ የቆሙት ልጆች በሙሉ «አቤት!» አሉ።